ጉልበት መላሽ መሪ፦ ስለ አንድ ስያሜ አመራረጥ

በሳንቲም ከሚሠራ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ማሽን መሪውን፣ ሞተሩንና ፔዳሉን ፈትቶ ከቤት ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት በውጭው ዓለም የእጅ ሙያ ወዳዶች ዘንድ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይህንን ሥራ በአማርኛ ለማስረዳት የሚነሣ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ሁለት ስያሜዎች ያጥሩታል። አንደኛው፣ መሪው በያዘው ሰው እጅ ላይ መልሶ የሚያሳርፈው ግፊትና ጉተታ ምን ተብሎ ይጠራል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ለአንድ ተግባር የተሠራን ዕቃ ለሌላ ተግባር ማብቃት ምን ይባላል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም እንመረምራለን፤ አብላጫውን ቦታ የምንሰጠው ግን ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ የነበረውን የማስታወስ ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለመጀመሪያው ስያሜ ምንጭ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ በጎዛምን ወይም በአነደድ ማሳ ላይ የሚያርስን ገበሬ መመልከት ይበቃል። አራሹ በአንድ እጁ ጅራፍ፣ በሌላው እጁ እርፍ ይዟል። የማረሻውን አሠራር ልብ ብሎ ያስተዋለ እንደሚያውቀው፣ እርፍ ለመያዣነት ብቻ የተበጀ እንጨት አይደለም፤ የታችኛው ጫፉ በሞፈሩ በኩል አልፎ የማረሻውን ብረት የሚሸከም ነው። ሞፈሩ የበሬዎቹን ጉልበት ከቀንበሩ ያመጣል፤ ድግሩ ከግራና ከቀኝ አፈሩን ይገፋል፤ ወገሉ ያያይዛል። በብረቱ ጫፍና በአራሹ መዳፍ መካከል ያለው ግን አንድ ወጥ እንጨት ነው። በዚህም ምክንያት ብረቱ የደረሰበትን ሁሉ እርፉ ወዲያውኑ ለእጅ ያደርሳል። ለስላሳ አፈር ላይ ሲሄድ ቀለል ብሎ ይከተላል፤ ርጥብ ዋልካ ውስጥ ሲገባ ይከብዳል፤ ሥር ሲይዘው ይገታል፤ ድንጋይ ሲመታ ይዘላል። አራሹ ዐይኑ በበሬዎቹና በፈሩ ላይ እንዳለ፣ ከመሬት በታች ያለውን በእጁ ያውቃል። እርፍ የሚለው ቃል ለከተሜውም አንባቢ ቢሆን እንግዳ አይደለም፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ያገኘዋል።

ይኸው ነገር በመኪና መሪ ላይም አለ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ፣ ከድልድዩ ማዶም ወደ ደጀን የሚወጣ ሹፌር ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለትና የዚያኑ ያህል ዐቀበት በጠመዝማዛ መንገድ ያልፋል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ተመልሰው ቀጥ ለማለት ይታገሉታል። የዚህም ምክንያት የጎማው መዞሪያ ዘንግ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ጎማው አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ዘንጉ ቢረዝም መሬት ከሚያገኝበት ነጥብ በስተኋላ ስለሚውል ነው። ስለዚህ መንገዱ ጎማውን ወደ ጎን ሲገፋው መሪው ወደ መካከል ይመለሳል። በዝናብ በረጠበ ወይም ጠጠር በፈሰሰበት መንገድ ላይ ጎማው መቆንጠጫ ሲያጣ ይህ መላሽ ጉልበት ይላላል፤ ልምድ ያለው ሹፌርም የመኪናውን መንሸራተት ዐይኑ ከማየቱ በፊት መሪው እጁ ላይ ሲቀልለው ያውቀዋል። በዘይት ኃይል የሚታገዝ መሪ ድካምን ይቀንሳል፤ ከዚሁ መልእክት ግን ጥቂቱን ያስቀራል።

አሁን ወደ ጨዋታ ማሽኑ እንምጣ። በማሽኑ ውስጥ አፈርም አስፋልትም የለም። ያለው ስክሪንና ስሌት ነው። ተጫዋቹ መሪውን ሲያዞር ከዘንጉ ጋር የተያያዘ ጠቋሚ የመሪውን አቅጣጫ ለማሽኑ ይነግራል፤ ማሽኑ በዚያ አቅጣጫና በዚያ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ጎማ ላይ ምን ያህል ጉልበት ሊያርፍ እንደሚገባ ያሰላል፤ ውጤቱንም ለአንድ ኤሌክትሪክ ሞተር ትእዛዝ አድርጎ ይልካል፤ ሞተሩ ደግሞ በቺንጊያ ወይም በጥርስ አማካይነት መሪውን ተጫዋቹ ካዞረበት ተቃራኒ ይገፋዋል። ይህ ዑደት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ከዘገየ ችግር ይፈጠራል፤ መሪው ካለፈ በኋላ የሚደርስ ግፊት መሪውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፤ እጅ ከለቀቀው ደግሞ ውዝዋዜው ይብሳል። እንግዲህ በእርፍና በጨዋታ መሪ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ የእርፉ ጉልበት ከመሬት በእውን የመጣ ሲሆን፣ የጨዋታው መሪ ጉልበት ግን ተሰልቶ የተሠራ ነው። ስያሜ ስንመርጥ ይህ ልዩነት ወሳኝ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚያ በፊት አንድ የተለመደ መደባለቅ ማንሣት ይገባናል። ብዙ ሰው በእጅ ላይ የሚሰማውን ማንኛውንም እንቅስቃሴ «ንዝረት» ይለዋል። ንዝረት ግን ሌላ ነገር ነው። የማሽኖቹ ታሪክ ራሱ ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ግራን ትራክ 10» መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ ነበረው፤ እጅን የሚገፋ ጉልበት ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1976 የሴጋ ኩባንያ ያቀረበው የሞተር ብስክሌት ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ሲጋጭ መያዣው እንዲንቀጠቀጥ ተደርጎ ተሠራ፤ ይህ ንዝረት ነው። እጅን ወደ አንድ ወገን አይወስድም፤ አንድ ነገር መድረሱን ብቻ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ታትሱሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባለ ሦስት ስክሪኑን «ቲ ኤክስ-1» ሲያወጣ ግን መሪው ራሱ እጅን መግፋት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የአታሪ ጌምስ «ሃርድ ድራይቪን» ደግሞ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ ጨምሮ የመሪውን ጉልበት በመኪናው ስሌት ላይ የመሠረተ ነበር። ይህ ዓይነት መሪ ለቤት ኮምፒዩተር መሸጥ የተለመደው ከዚያ ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ የዩ.ኤስ.ቢ. መገናኛም ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ንዝረት «አለ» ወይም «የለም» ይላል። አሁን የምንሰይመው ጉልበት ግን አቅጣጫና መጠን አለው፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ፣ በጥቂቱ ወይም በብርቱ ይገፋል። እርፍ የያዘ ሰው ሁለቱን አይደባልቅም። ጠጠር ላይ የሚንኮሻኮሽ ማረሻና ሥር የያዘው ማረሻ ለእጁ አንድ አይደሉም።

ለዚህ ጉዳይ ሊቀርቡ የሚችሉትን ስያሜዎች አንድ በአንድ አይተናል። በቅድሚያ የሚመጣው «ግብረ መልስ» ነው። ይህ ጥምር በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ሥር ሰድዷል፤ መምህር በተማሪ ጽሑፍ ላይ የሚሰጠው አስተያየት ግብረ መልስ ነው፤ ደንበኛ በአስተያየት መስጫ ሣጥን የሚጥለውም እንዲሁ። ቃሉ በዚህ ረገድ ጥሩ አገልግሏል፤ ነገር ግን አስተያየት የሚለው ፍቺ ስለ ዋጠው «ኃይላዊ ግብረ መልስ» ብንል አንባቢ ብርቱ ወቀሳ የሚል ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። «መልስ» የሚለው ክፍልም ብቻውን ሲቆም የጥያቄ መልስ፣ የገንዘብ መልስ፣ የሠርግ ማግሥት ግብዣ ሁሉ ነው። ይህን ያህል ጫና ባለበት ቃል ላይ አንድ ተጨማሪ ሸክም መጫን አልፈለግንም።

ቀጥሎ «አጸፋ» አለ። በመጀመሪያ ላይ ይህ ቃል ብዙ ስቦን ነበር። አጭር ነው፤ ሕዝብ ያውቀዋል፤ ለተገፋ ነገር መልሶ መግፋትን ያመለክታል። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ትምህርት፣ አንድ አካል ሌላውን ሲገፋ የተገፋው በእኩል መጠን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመልሰውን ለማመልከት የሚስማማው ይኸው ቃል ነው። አራሽ በእርፉ ላይ የሚሰማው የመሬት አጸፋ ነው ቢባል ትክክል ነው። በጨዋታው መሪ ላይ የሚሰማው ግን ከላይ እንዳልነው ተሰልቶ በሞተር የተሠራ ነው፤ የሚያጸፋ መሬት የለም። «አጸፋ» ለእርፉ የተገባ፣ ለማሽኑ ግን የማይገባ ቃል ሆኖ ስላገኘነው ለፊዚክሱ ትተነዋል።

«ኃይል» እና «ጉልበት» የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተከራክረናል። ኃይል ክብደት ያለው የግእዝ ቃል ነው፤ ሠራዊትም፣ ሥልጣንም፣ ብርታትም ነው። ችግሩ በዘመናችን አፍ ውስጥ ኃይል ማለት ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው። «ኃይል መላሽ» ብንል ባለሙያው የሚረዳው ኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ ብሎ ነው። ይህም ከንቱ ሥጋት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእውን አለና። ሞተር በእጅ በኃይለኛ ሁኔታ ሲዞር እንደ ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ተጫዋቹ መሪውን በድንገት ሲመነጭቀው የመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ኃይል ማደያው ተመልሶ ማደያውን ሊያጠፋው፣ ሲብስም ሊያበላሸው ይችላል። ሠሪው ይህን ለመከላከል ትርፉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ተቃዋሚ ይገጥማል። ስለዚህ በአንድ መሪ ላይ ወደ እጅ የሚመለስ ነገርና ወደ ማደያ የሚመለስ ነገር አለ። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ሠሪውን ማሳሳት ነው። «ኃይል መላሽ» ለኋለኛው ተጠብቆ ይቆይ።

«ጉልበት» በበኩሉ የሰውነት ቃል ነው። መጀመሪያ የእግር አንጓ ነው፤ ከዚያ የመሸከምና የመግፋት ችሎታ ሆነ። ገበሬው የበሬ ጉልበት ይላል፤ የቀን ሠራተኛው ጉልበቱን ይሸጣል። በእጅ የሚለካን ነገር ለመሰየም ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

ስያሜውን ለጨዋታ ሲባል ብቻ ይህን ያህል መመርመር ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ከጨዋታ የራቀ መሆኑን የሚያስታውስ ጉዳይ በአገራችን ደርሷል። የጨዋታ መሪና አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት ምስለ በረራ የአንድ አሳብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ያልተገኘን መኪና ወይም ያልተነሣን አውሮፕላን በስሌት ለእጅ ያቀርባሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥሩ 302 የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በአብራሪዎቹ መካከል የሚገኘው፣ የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያዘነብለው መንኮራኩር በእጅ እንዲዞር መሞከሩንና አለመሥራቱን የአደጋው ቅድመ ዘገባ መዝግቧል። በፍጥነት በሚበር አውሮፕላን ላይ አየሩ በጅራቱ ክንፍ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ያን መንኮራኩር እጅግ ያከብደዋል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አምራቹ ኩባንያ የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ምስለ በረራ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን ማሳየት የማይችል እንደ ነበረና እንዳረመው አስታወቀ፤ በወቅቱ የወጡ የጋዜጣ ዘገባዎችም ጉድለቱ መንኮራኩሩን በእጅ ለማዞር የሚጠይቀውን ጉልበት የሚመለከት መሆኑን ጻፉ። እዚህ ላይ የጎደለው ሥዕል አይደለም፤ ድምፅም አይደለም፤ ወደ እጅ የሚመለስ ጉልበት ነው። አሠልጣኝ ለሠልጣኝ በአማርኛ «ይህ መሣሪያ እውነተኛውን ጉልበት ይመልሳል ወይስ አይመልስም?» ብሎ መጠየቅ ካልቻለ፣ የምንሠራው የስያሜ ሥራ ጎድሏል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ የመረጥነው «ጉልበት መላሽ» የሚለውን ነው። አሠራሩ ለቋንቋው እንግዳ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ፣ እንጨት ፈላጭ፣ ውኃ ቀጂ፣ ብረት ቀጥቃጭ የምንልበት፣ ስምን ከፊት አድራጊን ከኋላ የሚያውል የአማርኛ ጥምረት ነው። በግእዝ አገባብ «ምላሸ ጉልበት» እንበለው የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን የሚሠራበት ሰው በዎርክሾፕ ያለ ነውና ያለ ተርጓሚ ይረዳው ዘንድ የእርሱን አገባብ መርጠናል። ነገሩ ራሱ ሲጠራ «የጉልበት ምላሽ» ይባላል፤ መሣሪያው «ጉልበት መላሽ መሪ»፣ እንደዚሁም «ጉልበት መላሽ መያዣ»፣ «ጉልበት መላሽ ፔዳል» እየተባለ ይራባል።

«መሪ» ሕዝብን የሚመራም፣ መኪናን የሚመራም መሆኑ ሊታለፍ አይገባም። ከዋሸራ ወይም ከሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት የወጣ ሰው «ጉልበት መላሽ መሪ» የሚለውን ሐረግ ሲሰማ መኪናውን በሰምነት ትቶ ወርቁን ለመፈለግ እንደሚቸኩል እንገምታለን። እኛ ግን እዚህ የምንናገረው ስለ ሰሙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስያሜ እንደ መጀመሪያው አላደከመንም። ለአንድ አገልግሎት የተሠራን ዕቃ ለሌላ ማብቃት «መልሶ መጠቀም» ሊባል አይችልም፤ መልሶ መጠቀም ዕቃውን ለዚያው ለቀድሞው ተግባር እንደገና ማዋል ነው። «ማደስ»ም አይሆንም፤ ያረጀውን ወደ ነበረበት መመለስ ነውና። የገጠሩ ቀጥቃጭ ከተሰበረ መኪና ባሌስትራ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ያወጣል። ከአሮጌ ጎማ በርባሶ ጫማ ይሠራል፤ ከካላማደሪያ የጭነት ማሰሪያ ይቆረጣል። እነዚህን የሚያደርግ ሰው ሥራውን ሲናገር «ባሌስትራውን ለማረሻ አዋልሁት» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይፈልግም። «ለ… ማዋል» የሚለው አነጋገር ተግባርን ከነባለቤቱ ያመለክታል፤ አቅጣጫ መለወጡን ለማሳየት «አዙሮ» ሲቀድመው «አዙሮ ማዋል» ይሆናል። የመኪና ብረት ወደ ማረሻ መዞሩን ስናስብ፣ አሁን የማረሻ ቃል ለመኪና ጨዋታ መነሻ መሆኑ ብድር የመክፈል ያህል ነው።

ሁለቱ ስያሜዎች በሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ ለማየት ሥራውን ራሱን በአጭሩ እንግለጽ። የእጅ ሙያ ወዳዶች የአዳራሽ ማሽን መሪ የሚፈልጉበት ምክንያት ጥንካሬው ነው። በቤት መሪዎች ብዙዎቹ የፕላስቲክ አካልና ትናንሽ ሞተር ያላቸው ሲሆኑ፣ የአዳራሹ መሪ ግን በቀን ስንቱ ሰው ሲጎትተው እንዲኖር የታሰበ ነውና የብረት አቃፊ፣ ወፍራም ዘንግ፣ ጠንካራ ኩሽኔታና ትልቅ ሞተር አለው። የጨዋታ አዳራሾች ሲዘጉ ወይም ማሽኖቻቸውን ሲለውጡ እነዚህ ክፍሎች ይሸጣሉ፤ አለዚያም ይጣላሉ። ወደ አገራችን ከተሞች የጨዋታ ቤት የገባው ይበልጡን በጆተኒ፣ በፑልና በፕሌይስቴሽን በኩል ስለ ሆነ፣ የዚህ ማሽን ክፍሎች ስም በሕዝቡ አፍ አልተለመደም። ነገር ግን የመኪና ጋራዥ ቃላት አብዛኛውን ጉድለት ይሞሉታል።

መሪውን አዙሮ ለማዋል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ከማሽኑ ጋር የመጣውን የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ እንዳለ ይዞ፣ ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውን ትእዛዝ ሰሌዳው ወደሚያውቀው ትእዛዝ መተርጎም ነው። ይህ መንገድ የቀድሞውን ጠባይ ሳይለውጥ ያቆያል፤ ሰሌዳው ከማያውቀው ትእዛዝ በላይ ግን ማስተማር አይቻልም። ሁለተኛው፣ ሰሌዳውን ትቶ ሞተሩን በአዲስ መጋቢ ማንቀሳቀስ ነው። በዚህ ጊዜ እንደ አርዱይኖ ሌዎናርዶ ያለ፣ በዩ.ኤስ.ቢ. ከኮምፒዩተር ጋር በቀጥታ መነጋገር የሚችል አነስተኛ ሰሌዳ በመካከል ይቆማል፤ የመሪውን አቅጣጫ አንብቦ ለጨዋታው ያቀርባል፤ ከጨዋታው የመጣውን የጉልበት ትእዛዝ ለመጋቢው ያስተላልፋል። ኮምፒዩተሩም አሮጌውን የአዳራሽ መሪ እንደ ማንኛውም ጉልበት መላሽ መሪ አድርጎ ይቀበለዋል። በእኛ አስተያየት ሞተሩ ጤናማ ከሆነና ሠሪው የኤሌክትሪክ ጥንቃቄ ካለው ይህ ሁለተኛው ይመረጣል።

አንዳንድ እንቅፋት አለ። የአዳራሹ መሪ በአብዛኛው 270 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲዞር፣ የእውነተኛ መኪና መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ተኩል ዙርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። አቅጣጫውን የሚጠቁመው ፖቴንሾሜትርም ለአጭር ዙር የተሠራ ስለ ሆነ፣ መሪውን ብዙ ዙር ማስኬድ የሚፈልግ ሰው የብረት ማገጃውን አንሥቶ ጠቋሚውን በኢንኮደር መለወጥ ይኖርበታል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ማሽን የሚሠራው በ100 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። የቀድሞዎቹ ማሽኖች ስክሪን ባለ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚሸከም ክፍል በውስጡ አለ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለጊዜው ይቆያል። መሪውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ወደ ስክሪኑ እጁን መስደድ አያስፈልገውም። ትልቁ ሞተር ራሱም አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ተሳስቶ ሙሉ ጉልበት ቢያዝዝ አውራ ጣትን ለማጣመም በቂ ነው። ፊውዝና በእግር የሚደረስ ማጥፊያ ከሁሉ በፊት ይገጠሙ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ቃላት፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ከጣሊያንኛ በጋራዥ በኩል የገቡ ናቸው። እነዚህን በአዲስ ፈጠራ የመተካት አሳብ የለንም። ከባለሙያው እጅ ጋር ተዋህደዋል፤ ሞላን ሌላ ስም መስጠት ለሚያውቀው ሰው ማደናገሪያ፣ ለማያውቀውም ተጨማሪ ሸክም ነው። ጉልበት መላሽ ያልሆነ ርካሽ መሪ ወደ መካከል የሚመለሰው በሞላ ብቻ ነው ብንል ማንም መካኒክ ይረዳናል፤ የሁለቱንም ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረስን ማለት ነው።

ያስቸገረን «ድራይቨር» የሚለው ብቻ ነው። እንግሊዝኛው በዚህ አንድ ቃል መኪና የሚነዳውን ሰው፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ በልክ የሚሰጠውን ሰሌዳና ኮምፒዩተሩን ከመሣሪያው የሚያገናኘውን ሶፍትዌር ይጠራል። ሦስቱም በአንድ የመሪ ሥራ ውስጥ ስለሚገናኙ «ነጂ» እያሉ መተርጎም ግራ ያጋባል። ሰውየው ሹፌር ወይም ነጂ ይባል፤ ሶፍትዌሩ «አገናኝ» ይሁን፤ ሰሌዳውን ከላይ እንደተጠቀምንበት «ሞተር መጋቢ» ብለነዋል። መጋቢ በቤተ ክርስቲያንም በመንግሥትም ሥርዓት የሚታወቅ፣ በታዘዘው ልክ የሚያድል ማለት ነውና ሰሌዳው የሚሠራውን በትክክል ይገልጻል።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ እንዲመች የሁለቱን ዋና ስያሜዎች አፈታት እናቀርባለን።

ጉልበት መላሽ፦ ቅጽል። በእጅ ወይም በእግር በሚያዝ መሣሪያ ላይ ሲነገር፣ በስሌት የተወሰነን ግፊት አቅጣጫና መጠን ሰጥቶ በሞተር ወይም በሌላ ዘዴ ወደ ያዘው ሰው የሚመልስ። ከንዝረት ሰጪ ይለያል። «ጉልበት መላሹ መሪ ጎማው ሲንሸራተት ይቀላል።»

አዙሮ ማዋል፦ የግሥ ሐረግ። ለአንድ አገልግሎት የተሠራን ዕቃ ወይም ክፍሉን እንዳለ ወይም ለውጦ ለሌላ አገልግሎት ማብቃት። ከመልሶ መጠቀምና ከማደስ ይለያል። «የጨዋታ አዳራሹን መሪ አዙሮ ለቤት አዋለው፤» «ቀጥቃጩ ባሌስትራውን አዙሮ ለማረሻ አዋለው።»